ሁለቱን ጻቪም ይዘሽ ነይ

ይህን ታሪክ ለብዙ ዓመት በሆዴ ይዤው ኖሬያለሁ። ሰው ይስቅብኛል ብዬ ነበር። አሁን ግን ከሁሉም ቀድሜ የምስቅበት እኔው ስለሆንኩ ሌላው ቢስቅ ግድ የለኝም። ሳቁ እስኪያልፍላችሁ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ የቀረውን አብረን እናየዋለን።

ጊዜው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሁለት ሺህዎቹ ገና የጀመሩበት ነበር። እኔ ዓለምነሽ ያኔ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ኔታንያ ከተማ፣ ነቬ ኢታማር ሰፈር፣ ከአንድ ያረጀ ሕንጻ ምድር ቤት እኖራለሁ። ቀን ቀን የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ አጸዳለሁ። ባል አግብቼ ፈትቻለሁ፣ ልጅ አልወለድኩም። ከጎንደር አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ እኛን ኢትዮጵያውያን አይሁዶችን ባመጣው አውሮፕላን መጥቼ እስራኤል ከገባሁ አሥር ዓመት አልፎኛል። ዕብራይስጡን ግን በጆሮዬ ለቃቀምኩት እንጂ አልተማርኩትም፤ ፊደሉን አንዱን ካንዱ አልለይም። ካሉኝ ቃላት ሁሉ የምወደው «በሴዴር» የሚለውን ነበር። እሺ፣ ደህና ነው፣ ገብቶኛል፣ ችግር የለም፤ ሁሉንም ይሆናል። ለሐኪሙ በሴዴር፣ ለአለቃዬ በሴዴር፣ ስልክ ለሚደውል ሁሉ በሴዴር። ያልገባኝ ነገር በበዛ ቁጥር በሴዴሩም ይበዛ ነበር።

ታናሽ እህቴ ትርንጎ በሕመም ከሞተች ስምንት ወር ሆኗታል። ልጇ ያኤል የአሥር ዓመት ልጅ ነች። አባቷ ጡት ሳትጥል ትቷቸው የሄደ ነው፤ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ያኤል እኔ ቤት ስትገባ አንድ ሻንጣ ልብስ፣ የእናቷን ፎቶና አንድ ትልቅ የፕላስቲክ ሳፋ ይዛ መጣች። ሳፋው ውስጥ ሁለት የውሃ ኤሊዎች ነበሩ። ትርንጎ ከማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያው አጠገብ ካለ ሱቅ የቡና ሲኒ አፍ ሲያክሉ ገዝታላት፣ አድገው የሾርባ ሳህን አክለዋል። ወንዱን ጌሼም ትለዋለች፣ ዝናብ ማለት ነው፤ ሴቷን ቡባ ትላታለች፣ አሻንጉሊት ማለት ነው። በዕብራይስጥ ኤሊ «ጻቭ» ይባላል፣ ሲበዛ «ጻቪም»። ያኤል ቃሉን ከጠዋት እስከ ማታ ስለምትጠራው እኔም ጥርት አድርጌ ከማውቃቸው ጥቂት ቃላት አንዱ ሆነ።

እውነቱን ልናገርና፣ እጠላቸው ነበር። አባቴ ቤት የኦሪትን ሕግ አጥብቀን ነው ያደግነው፤ ደረቱን መሬት ላይ እየጎተተ የሚሄድ ነገር ቤት አይገባም፣ እጅም አይነካውም። የትርንጎ ባይሆኑ ኖሮ አንድ ቀን አያድሩም ነበር። ያኤል ውሃቸውን ስትቀይር እኔ በሩን ዘግቼ ማድቤት እቆማለሁ። ግድ ሆኖ ሳፋውን መግፋት ካለብኝ ከሥራ ያመጣሁትን የጎማ ጓንት አጠልቃለሁ። ልጅቷ ይህን ታያለች።

የፋሲካ በዓል እንዳለፈ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ ሚካል ቤታችንን ልታይ መጣች። ደግ ፊት ያላት ወጣት ነች፣ ግን የምትጽፍበት ደብተር ያስፈራኛል። ጉዳዩ ያኤል ከእኔ ጋር ትኑር ወይስ ፕኒሚያ፣ ማለት አዳሪ ትምህርት ቤት፣ ትግባ የሚል ነበር፤ የሚወስነው የቢሮው ኮሚቴ ነው። አዳሪው ጥሩ እንደሆነ፣ የልጆች ቦታ እንደተከፈተ፣ እኔም ብቻዬን ከመሆኔ ሌላ በሌሊት ተነሥቼ ሥራ እንደምሄድ በቀስታ ነገረችኝ። እኔም በሴዴር፣ በሴዴር እላለሁ። ትርንጎ ሆስፒታል ተኝታ እጄን ይዛ የተናገረችው አንድ ነገር ነበር፤ ልጄን ለሰው እንዳትሰጪብኝ። እኔም እሺ ብያለሁ።

ሚካል ከመሄዷ በፊት ሳፋው አጠገብ ቁጢጥ ብላ ብዙ ቆየች። ስማቸውን ጠየቀች፣ ያኤልም ነገረቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ እነዚህን ማን ይንከባከባል አለች። ያኤል አፏን ሳትከፍት እኔ ቀድሜ፣ «ሁለታችን» አልኩ። «አንድ ቀን እሷ፣ አንድ ቀን እኔ።» ያኤል ቀና ብላ አየችኝና አቀረቀረች። ሚካል ሁሉንም ደብተሯ ላይ አሰፈረችው።

ያ ውሸት እንቅልፍ ነሳኝ። በማግሥቱ ጓንቴን አጠለቅኩና ያኤልን አሳዪኝ አልኳት። ውሸቴን እውነት ላደርገው ቆርጬ ነበር። የቧንቧ ውሃ አንድ ቀን በባልዲ አድሮ መድኃኒቱ ካልበረረለት ዓይናቸውን እንደሚያቃጥል፣ ወጥተው የሚሞቁበት ጡብ ሳፋው ውስጥ መቀመጥ እንዳለበት፣ ፀሐይ ያላገኘ ኤሊ ቅርፊቱ እንደሚለሰልስ ተማርኩ። ዳቦ አይሰጣቸውም። የደረቀ ትንሽ ዓሣና ሰላጣ ይበላሉ፣ ከዚያ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠባል። ያኤል ስታስተምረኝ ድምፅዋ የትርንጎን ይመስላል። በሦስተኛው ሳምንት ጌሼም እኔን ሲያይ አንገቱን ማውጣት ጀመረ። ቡባ ግን ምግብ ተወች፤ ሳፋውን በኋላ እግሯ ትቧጭራለች፣ ልትወጣ ትታገላለች። ታመመች ብለን ሰጋን።

እንዲህ እያለን አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለ። ያኤል ኤሊዎቹን ፀሐይ እንዲሞቁ ግቢው ሣር ላይ አውጥታ አጠገባቸው ተቀምጣ ነበር። ደዋይዋ የማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮው ጸሐፊ ነች፣ ዕብራይስጧ ደግሞ የሚሮጥ ዕብራይስጥ ነው። «ኮሚቴ» የሚለውንና የያኤልን ስም ስሰማ ልጅቷ እንዳትሰማ በመስኮት ጠርቼ ወተት ግዢ ብዬ ላክኋት። ስለ ኮሚቴው እስከዚያች ቀን ምንም አልነገርኳትም ነበር፤ ልጅ ምን ያስጨንቃል ብዬ። ያኤል ለአንድ አፍታ ነው ብላ ሮጠች።

ከጸሐፊዋ ንግግር የያዝኩት ይህን ነው፤ ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ኮሚቴው፣ እና ጻቪም። «ሁለቱን ጻቪም ይዘሽ ነይ» አለችኝ። ጆሮዬን ተጠራጠርኩና፣ «ሽኔይ ጻቪም?» አልኳት፣ ሁለት ጻቪም ማለቴ ነው። «አዎ፣ ሁለቱንም። ያለ እነሱ ኮሚቴው ምንም ሊወስን አይችልም። ገባሽ?»

«በሴዴር» አልኩ።

ስልኩን ዘግቼ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ነገሩ ወለል ብሎ ታየኝ። ሚካል ውሸቴን አውቃብኛለች፤ ኮሚቴው ደግሞ ኤሊዎቹን አይቶ ሊፈርድ ነው። ሁለት ኤሊ መያዝ ያልቻለች ሴት ልጅ እንዴት ታሳድጋለች ሊሉ ነው። ፈረንጅ መቼም የማያስበው የለም አልኩ በልቤ። ይሁን፣ ያያሉ። ቅርፊታቸውን በለስላሳ ብሩሽ አሽቼ፣ ንጹሕ ውሃ ውስጥ አድርጌ ነው የምወስድላቸው አልኩና ተነሥቼ ወደ ግቢው ወጣሁ። ሣሩ ላይ ጌሼም ብቻውን ነበር።

ያኤል ወተቱን ይዛ ስትመለስ በጉልበቴ ተንበርክኬ መኪና ሥር እያየሁ ነው። ነገርኳት። ወተቱን መሬት ላይ አስቀምጣ መፈለግ ጀመረች። የቆሙትን መኪኖች ሁሉ አየን። የቆሻሻ ገንዳዎቹን ጎትተን ከኋላቸው አየን። ደረጃ ሥር፣ ብስክሌቶቹ መሐል፣ አጥሩ ሥር ያለውን ቁጥቋጦ በእጃችን እየገለጥን አየን። ያላየነው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ከሕንጻው ጥግ ያለችውን የራሼልን ትንሽ የአትክልት ቦታ።

ራሼል ከሞሮኮ የመጣች ባሏ የሞተባት ጎረቤቴ ናት። የኤሊዎቹን ውሃ ናዕናዕዋ ላይ፣ ለሻይ በምታበቅለው ናና ላይ፣ ደፍቼባት ተጣልተን፣ ከሱኮት፣ ከዳስ በዓል፣ ወዲህ አንነጋገርም። እሷ የኤሊ እዳሪ ሻይዬ ውስጥ ከተትሽ አለች፣ እኔ ደግሞ የማላስታውሰውን መለስኩላት። ያን ቀን አጥሯ አጠገብ ሦስት ጊዜ ደርሼ ሦስቱንም ጊዜ ተመለስኩ። ጓሮዋ ገብቼ እንድፈልግ ፍቀጂልኝ ማለት ሞት መሰለኝ።

ፀሐይዋ ወደ ባሕሩ ስትወርድ ያኤል ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ጉልበቷ ተፋፍቋል። «ዶዳ» አለችኝ፤ አክስቴ ማለቷ ነው። «አንቺ እኮ ቡባን አትወጃትም። ለምን እንዲህ ትፈልጊያታለሽ?»

«የእናትሽ ናት» አልኳት።

ሐሰት አልነበረም፣ ግን ሙሉ እውነትም አልነበረም። ያኔ ሁሉን ብነግራት ኖሮ በአንድ ቃል ታድነኝ ነበር። እሷ ግን እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ተነሣች። ራቷን አብልቼ አስተኛኋትና ልብሴን ሳላወልቅ ተጋደምኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ተነሣሁ። ለሥራ ቦታዬ ዛሬ አልመጣም ብዬ ደወልኩ፤ በአሥር ዓመት የመጀመሪያዬ ነበር። ከዚያ ነጠላዬን አጣፋሁና ቀጥ ብዬ ወደ ራሼል በር ሄድኩ። ትስደበኝ፣ ትጩህብኝ፣ ጓሮዋን ሳላይ አልሄድም ብያለሁ። ገና ጥጉን ስዞር ግን ራሼል ራሷ የፕላስቲክ ወንበር አውጥታ ናዕናዕዋ አጠገብ ተቀምጣለች፣ እጇ ላይ መጥረጊያ አለ። ሁለት ድመቶች አጥሩ ላይ ሆነው ያዩዋታል። ስታየኝ ጣቷን አፏ ላይ አደረገች።

ቡባ እዚያ ነበረች። ናዕናዑ ሥር አፈሩን በኋላ እግሮቿ እየቆፈረች፣ ጉድጓዱ ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ ፈዟል። ወደ እሷ ስራመድ ራሼል መጥረጊያውን እንደ በር ፊቴ ዘረጋችው።

«አትንኪያት» አለችኝ በሹክሹክታ። «እየወለደች ነው።»

ለካ በሽታው ይህ ነበር። ቸኩያለሁ፣ ኮሚቴ አለብኝ፣ ኤሊዋን ይዤ መሄድ አለብኝ አልኳት ባለኝ ዕብራይስጥ። ራሼል አልሰማችኝም። ሰባት ልጅ ወልጃለሁ፣ አንዱንም በመሐል ተነሺ ያለኝ የለም አለችኝ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ስንት ወልደሻል ብላ ጠየቀችኝ። አልወለድኩም አልኳት። ተነሥታ ወንበሯን ለቀቀችልኝ።

ተቀመጥኩ። አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ነበር። ነጭ እንቁላል አንድ ወረደ። ቡባ ቆየች፣ በኋላ እግሯ ቀስ አድርጋ ወደ ጥግ አስጠጋችው፣ ከዚያ ሌላ ወረደ። ሰዓቴን አያለሁ፣ እንቁላል እቆጥራለሁ። አንድ ሰዓት ሆነ። ራሼል ሄዳ ያኤልን ቀስቅሳ፣ አብልታ ወደ ትምህርት ቤት ሸኘቻት፤ ማንም ሳይጠይቃት። ሰባተኛው እንቁላል ወርዶ ቡባ አፈሩን መመለስ ስትጀምር አንድ ሰዓት ተኩል አልፏል። ብድግ አድርጌ ልወስዳት እጄ ተዘርግቶ ነበር። በፈጣሪ ስም እላችኋለሁ፣ ልጅቷን የሚያሳጣኝ ሰዓት እየሄደ ነበር። ግን የራሷን ልጆች አፈር እያለበሰች ያለችን ፍጥረት እንዴት አድርጌ ልጎትት? እጄን መለስኩ። ቡባ በአንዱ እግር አንዴ፣ በሌላው አንዴ እየገፋች፣ አፈሩን በሆዷ እየደለደለች ጉድጓዱ እንደ ነበረ እስኪሆን ጨረሰች። ሁለት ሰዓት ከሩብ ሆኖ ነበር።

ከዚያ አነሣኋት። ጓንቱን ያስታወስኩት ሳፋው ውስጥ ካስቀመጥኳት በኋላ ነው። እጄ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ነበር፣ አልተጸየፍኩም።

ሳፋውን በፎጣ ሸፍኜ አውቶቡስ ጣቢያው ድረስ ውሃ እየፈሰሰብኝ ሄድኩ። አውቶቡሱ ውስጥ ሰዎች ያዩኛል፣ እኔ በመስኮት አያለሁ። ከማዕከላዊው ጣቢያ ወርጄ ሳፋውን ጭኔ ላይ እያሳረፍኩ በእግሬ ስቸኩል ሦስት ሰዓት አለፈ። ዘመኑ በቦምብ ሥጋት ፍተሻ የበዛበት ነበርና የቢሮው ዘበኛ በሩ ላይ ምን ይዘሻል አለኝ። «ለኮሚቴው ጻቪም» አልኩት። እንደ ለመደው ነገር ራሱን ነቅንቆ የብረት መፈተሻውን ፎጣው ላይ አዙሮ አሳለፈኝ። ይኸው፣ ሰው ሁሉ ኤሊ ይዞ ነው የሚመጣው ማለት ነው ብዬ ልቤ ትንሽ ረጋ።

ክፍሉ ውስጥ አራት ሰዎች ተቀምጠዋል። በመሐል ፀጉሯ የሸበተ መነጽር ያደረገች ሰብሳቢ፣ በቀኟ ሚካል፣ በግራዋ አንድ የሚጽፍ ሰው፣ ጥግ ላይ ደግሞ አዝመራ የምትባል የእኛው ልጅ አለች፤ ሥራዋ በቢሮውና በእኛ ሰዎች መካከል ማስተርጎም ነው። ሰብሳቢዋ ስለ መዘግየቴ ምንም ሳትል ጻቪሙን አምጥተሻል ወይ አለችኝ። አምጥቻለሁ አልኩ። ሳፋውን ጠረጴዛው ላይ ወረቀቶቻቸው መሐል አስቀምጬ ፎጣውን አነሣሁ።

ጌሼም አንገቱን አውጥቶ ሰብሳቢዋን አየ። ሰብሳቢዋ ሚካልን አየች። ሚካል እኔን አየችኝ። አዝመራ አፏን በመዳፏ ይዛ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁና የሆነ ነገር እንደ ተበላሸ ያኔ ገባኝ።

«እትዬ» አለችኝ አጠገቤ መጥታ፣ ሳቋን ውጣ። «ጻቭ ኤሊ ነው፣ ልክ ነዎት። ግን ሌላም ጻቭ አለ። ድምፁ አንድ ነው። የዳኛ ትእዛዝ ማለት ነው፤ ፍርድ ቤት የሚጽፈው ወረቀት። የያኤል አሳዳጊ ነዎት የሚሉትን ሁለቱን ወረቀቶች ነው ያምጡ የተባሉት።»

ፊቴ እሳት ሆነ። እዚያች ደቂቃ ላይ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። ሰብሳቢዋ ግን አልሳቀችም። በለሰለሰ ድምፅ ችግር የለም፣ ከአንድ ወር በኋላ ሌላ ቀጠሮ እንሰጥሻለን አለች፤ አዝመራ ተረጎመችልኝ። ሚካል ደግሞ አዳሪው ቦታ እስከዚያ ስለማይቆይ ልጅቷ በሚመጣው ሳምንት ለሙከራ ትግባ፣ በኋላ እናያለን የሚል ሐሳብ አቀረበች። ከዚያ ሰብሳቢዋ ወደ እኔ ጎንበስ ብላ፣ «በሴዴር?» አለችኝ።

ቃሉ አፌ ላይ ነበር። አሥር ዓመት ሙሉ ራሱ ሲወጣ የኖረ ቃል ነው። ሳፋው ውስጥ ቡባ የኋላ እግሯ ላይ የናዕናዑ አፈር እንዳለ ነው።

«ሎ በሴዴር» አልኩ። አይሆንም ማለቴ ነው። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ጮኾ ወጣ። ቀሪውን በአማርኛ ለአዝመራ ነገርኳት፤ «ወረቀት ከሆነ ወረቀት አለኝ። ማኅተም ያለበትን አንዱንም አልጣልኩም። እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚቀመጡት? እስከ ስድስት? እንግዲያው ሳልመለስ እንዳይነሡ። ኤሊዎቹን እዚህ እተዋቸዋለሁ፤ ፀሐይ ወዳለበት መስኮት አስጠጉልኝ።»

መልሳቸውን ሳልጠብቅ ወጣሁ። አውቶቡስ እስኪመጣ ቆሜ መጠበቅ ስላልቻልኩ እኩሉን መንገድ በእግሬ ሮጥኩት። ቤት ገብቼ አልጋዬ ሥር ካለው የትርንጎ ሻንጣ አንድ የትራስ ልብስ አወጣሁ። ከመንግሥት የመጣ የመሰለኝን ደብዳቤ ሁሉ እዚያ ነበር የማጠራቅመው፤ ማኅተም ያለበትን ወረቀት አከብራለሁ፣ ግን አልከፍተውም። የትራስ ልብሱን እንዳለ ተሸክሜ ተመለስኩ። ስደርስ አምስት ሰዓት ተኩል ነበር፤ ሳፋው መስኮቱ ሥር ተቀምጧል፣ የሚጽፈው ሰውዬ አጠገቡ ቆሟል።

ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩ። አዝመራና ሚካል ተቀምጠው አንድ በአንድ ማየት ያዙ። የመብራት፣ የክሊኒክ፣ የትምህርት ቤት ስብሰባ፣ ያለፈ የምርጫ ወረቀት። አንዱ ጻቭ ቶሎ ተገኘ፤ ፍርድ ቤት ወስደው ያስፈረሙኝ ጊዜ የተሰጠኝ ጊዜያዊው ነው፣ የሦስት ወር። ሁለተኛው፣ ቋሚው፣ የለም። ክምሩ እያለቀ ሄደ፣ የግድግዳው ሰዓት ይንቀሳቀሳል፣ እኔ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዤ ቆሜያለሁ። መጨረሻ ላይ አዝመራ አንድ ያልተከፈተ ፖስታ አነሣችና በእስክሪብቶ ቀደደችው። ስታነበው ቆየች።

«እትዬ ዓለምነሽ» አለች፣ አሁን ሳቅ የለም። «ይህ ከተጻፈ ሰባት ሳምንት ሆኖታል። ዳኛው ያኤልን ለእርስዎ ሰጥቷል። ሰባት ሳምንት ሙሉ የልጅቷ ሕጋዊ አሳዳጊ እርስዎ ነዎት።»

አለቀስኩ። እንዳላጣት ብዬ ሌሊት ሌሊት የምባንንላት ልጅ፣ ሰባት ሳምንት ሙሉ በዳኛ ፊርማ የእኔ ነበረች። ፊርማው ከአልጋዬ ሥር ተኝቷል፣ እኔ ከላዩ ተኝቼ ሳላውቀው ኖርኩ።

ሰብሳቢዋ ውሃ አስመጣችልኝ፤ ከዚያ ኤሊዎቹን ለምን እንዳመጣሁ ጠየቀችኝ። ሁሉንም ተናገርኩ፤ የጓንቱን፣ ለሚካል የዋሸሁትን፣ የጠፋችውን ቡባን፣ ሰባቱን እንቁላል፣ ለምን እንደ ዘገየሁ። አዝመራ እየተረጎመች ሁለት ጊዜ ድምፅዋ ተሰበረ። ሚካል ደብተሯን ገልጣ የድሮውን ገጽ ካየች በኋላ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ልጅቷ ከአክስቷ ጋር ትኑር የሚለውን ሐሳብ ያቀረበችው እሷ ራሷ ናት። አንድ ነገር ብቻ ጨመሩ፤ ማታ ማታ ማንበብና መጻፍ እንድማር። እኔ እኮ እሱን ልለምናቸው ነበር።

ያኤል ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሁሉን ነገርኳት፣ ከአዳሪው ጉዳይ ጀምሬ። እስክትንፈራፈር ሳቀች፣ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረባት፣ እላዬ ላይ ወደቀች። ፕኒሚያ የሚል ቃል ከሚካል አፍ ከሰማችበት ዕለት ጀምራ ሻንጣዋን አልጋዋ ሥር አዘጋጅታ ስትጠብቅ ኖራለች። እኔ እሷን እንዳላስጨንቅ፣ እሷ እኔን እንዳታስጨንቅ፣ በአንድ ቤት ሁለት ሰው ለየብቻው ሲፈራ ሰነበተ። «ብትነግሪኝ ኖሮ እኮ እነግርሽ ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ማታ ማታ ሳፋው አጠገብ ተቀምጠን የማናወራው ነገር አልነበረም።

ራሼል እንቁላሎቹ የተቀበሩበት ላይ ጡብ አስቀምጣ በጋውን ሙሉ ጠበቀች፣ ምንም አልተፈለፈለም። የኤሊዎቹን ውሃ ግን ከዚያ ወዲያ በባልዲ ራሷ ወስዳ ናዕናዕዋን ታጠጣበት ጀመር። ሻይዋንም ጠጥቻለሁ።

ማታ ትምህርት ቤት የገባሁ ዕለት አስተማሪዋን መጀመሪያ የጠየቅኳት ሁለቱ ጻቭ እንዴት እንደሚለያዩ ነበር። ሰሌዳው ላይ ጻፈችልኝ። መነሻቸው አንድ ነው፣ የመጨረሻዋ ፊደል ብቻ ትለያለች። የወረቀቱ ጻቭ በ«ቫቭ» ያልቃል። የኤሊው ጻቭ ደግሞ በሌላ ፊደል ያልቃል፣ ስሟም «ቤት» ነው አለችኝ። በአማርኛ ምን ማለት እንደሆነ እሷ አታውቅም፤ እኔ ግን ክፍሉ መሐል ብቻዬን ሳቅኩ። ኤሊ ቤቷን ተሸክማ የምትሄድ ፍጥረት ናት፣ በምን ሌላ ልትጻፍ ኖሯል? ከዚያ ቀን ጀምሮ እነዚያ ሁለት ፊደሎች ተምታተውብኝ አያውቁም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ እንደኔ በሰው አገር ቋንቋ በጆሮ ብቻ የምትኖሩ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ያልገባችሁን አልገባኝም በሉ። እኔ ሳይገባኝ ገባኝ እያልኩ የኖርኩት ሰው እንዳይንቀኝ ነበር፤ በዚህ ምክንያት ልጄን ላጣት አንድ ቃል ቀርቶኝ ነበር። ጸሐፊዋን «የትኛው ጻቭ?» ብያት ቢሆን ኖሮ በሁለት ቃል ያልቅ ነበር። ሰው ቢስቅባችሁ ሳቁ ያልፋል።

ሰባት ዓመት ገደማ ቆይቶ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ የፖስታ ሣጥኑ ውስጥ በያኤል ስም ፖስታ አገኘሁ። ደረጃው ላይ ቆሜ የላዩን አነበብኩት፤ ቀስ ብዬ፣ ፊደል በፊደል፣ ማንንም ሳልጠራ። እዚህ አገር ወጣቶች አሥራ ሰባት ዓመት ሲጠጋቸው ከጦር ሠራዊቱ የሚላክላቸው የመጀመሪያ የጥሪ ትእዛዝ ነበር። ያኤል በረንዳው ላይ ጌሼምንና ቡባን ሰላጣ እያበላች ነው። ቁመቷ ከእኔ በልጧል።

«ዶዳ፣ ምን መጣ?» አለችኝ።

«ጻቭ» አልኳት።

«የትኛው?»

አንዱ ወረቀት ሰጥቶኝ ነበር፣ ይኸኛው ሊወስድብኝ መጥቷል። «ቤት የሌለበት» አልኳት።

ቀልዳችንን ታውቀዋለች። ፖስታውን ከእጄ ሳትቀበል እርጥብ እጇን አንገቴ ላይ ጠመጠመች።

«እኔማ ቤት አለኝ» አለችኝ።